ለትልቅ መሥሪያ ቤት የመዝገብ አደራጃጀት፦ ከቆጠራ እስከ ርክክብ

ሀዋሳ ላይ መዝገብ ቤት ለሚሠራ ሰው ያለፉት ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ሰኔ 2012 ሲዳማ ክልል ሆነ። ኅዳር 2014 ደቡብ ምዕራብ ተከተለ። ነሐሴ 2015 ደግሞ የቀረው የደቡብ ክልል ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ሆኖ ተከፈለ። በየጊዜው ሠራተኛ ተመደበ፣ ጠረጴዛ ተጫነ፣ የቢሮ በር ላይ ያለው ጽሑፍ ተቀየረ። ወረቀቱስ? ብዙ ቦታ ወረቀቱ የተመደበው በክፍል ስም ነበር። ክፍሉ ሲፈርስ ፋይሉም ባለቤት አጣ።

ክልል ባይከፈልም ነገሩ ያው ነው። ቢፒአር የሚባለው የአሠራር ለውጥ መጣ፣ መዋቅር ተቀየረ። ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ መጣ፣ ወንበር ተነቃነቀ። «ሠራተኛ አስተዳደር» የነበረው «የሰው ኃይል» ተባለ፣ ቀጥሎ «የሰው ሀብት ልማት»። ቅጥሩ ግን ያው ቅጥር ነው። ጡረታውም ያው ጡረታ ነው። ስለዚህ ከታች ያለው አሠራር በሙሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፦ መዝገብ የሚመደበው በሥራው ነው። የክፍል ስም ሽፋኑ ላይ ይጻፍ፣ ምደባው ውስጥ ግን አይግባ።

መመሪያው በመቶዎች የሚቆጠር ሠራተኛ ላለው ቢሮ፣ ሆስፒታል፣ ዩኒቨርሲቲ ወይም ፋብሪካ ይሆናል። ለአነስተኛ ሱቅ ይከብዳል።

1. ሳታነሱ ቁጠሩ

መጀመሪያ የሚመጣው ስሜት ሁሉንም አውርዶ ወለል ላይ መዘርገፍ ነው። አታድርጉት። የተዝረከረከ የሚመስለው ክምር ውስጥ አንድ ሰው የሚያውቀው ቅደም ተከተል አለ። ካፈረሳችሁት አይመለስም።

ደብተርና ሜትር ይዛችሁ ዙሩ። ለእያንዳንዱ መደርደሪያ አምስት ነገር መዝግቡ፦ የት እንዳለ፣ ምን እንደያዘ፣ ከስንት እስከ ስንት ዓ.ም. እንደሆነ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ወረቀቱ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ። መዝገብ ቤቱን ብቻ አትዩ። ደረጃ ሥር፣ የሹፌሮች ክፍል፣ የንብረት ክፍል ጥግ፣ ቁልፉ የጠፋበት የቀድሞ ኃላፊ ካቢኔት፣ ሁሉም ይታይ። ያ ካቢኔት ኮሚቴ ባለበት ይከፈት፣ ቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ሜትሩ የሚያስፈልገው ለቦታ ስሌት ነው። አንድ ሜትር መደርደሪያ 12 ያህል ቦክስ ፋይል ይይዛል። በወረቀት ሲሞላ ደግሞ ወደ 50 ኪሎ ይመዝናል። ባለ ስድስት ደርብ መደርደሪያ በሜትር ስፋቱ 300 ኪሎ ተሸከመ ማለት ነው። ፎቅ ላይ ሃያ መደርደሪያ ለማቆም ያሰበ ሰው ይህን ለግንባታ ባለሙያ ይንገር።

በየመሥሪያ ቤቱ «እትዬ ካልመጡ ፋይል አይገኝም» የሚባልላቸው አንዲት ሴት አሉ። ሃያ ዓመት እዚያ ወንበር ላይ ናቸው። ጡረታ ሳይወጡ አብራችሁ ተቀመጡ። እሳቸው «ሰማያዊው ክላሰር» የሚሉት የትኛው ጉዳይ እንደሆነ፣ «የላይኛው» ሲሉ የት እንደሆነ በሁለት ዓምድ ጻፉ። ከዚህ ቆጠራ ሁሉ ትልቁ ሀብት ይኼ ነው። በትሕትና ጠይቁ፤ ሥራቸውን ልትቀሟቸው እንደመጣችሁ ከመሰላቸው አንዲት ቃል አይነግሯችሁም።

2. መዝገብ የሆነውንና ያልሆነውን ለዩ

ወረቀት ሁሉ መዝገብ አይደለም። ባዶ ፎርም፣ የድሮ ጋዜጣ፣ የሥልጠና በራሪ ጽሑፍ፣ «ለመረጃ ያህል» የተላከ ግልባጭ፣ አምስት ጊዜ ኮፒ የተደረገ መመሪያ ቦታ ብቻ ይበላሉ።

መለያው ጥያቄ አጭር ነው። ይህ ወረቀት ቢጠፋ መሥሪያ ቤቱ ምን ማስረዳት ያቅተዋል? መልሱ «ምንም» ከሆነ መዝገብ አይደለም። ወጪ ደብዳቤ ከሆነ ፊርማና ማህተም ያረፈበት ቀሪው ይቀመጣል። ገቢ ከሆነ ዋናው ይቀመጣል። ግልባጭ የሚቀመጠው ግልባጭ የተደረገለት ክፍል በእሱ ላይ ተመሥርቶ ሥራ ከሠራበት ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። ካይዘን ሲጀመር «ማጣራት» ተብሎ ወረቀት በጆንያ የወጣበት መሥሪያ ቤት ጥቂት አይደለም። ማጣራት ጥሩ ነው። ግን በዚህ ደረጃ ምንም ነገር አይጣልም። ለብቻው ይከመራል፣ ይለጠፍበታል፣ ይቆያል። የመጣል ተራው ገና ነው።

3. የምደባውን ሠንጠረዥ ሥሩ

ጊዜ የሚወስደው ይኼኛው ነው፤ አትቸኩሉ።

ሦስት ደረጃ በቂ ነው። አራተኛ ከጨመራችሁ ሰው ኮዱን መጻፍ ይሰለቻል፣ ከዚያም ይተወዋል። የመጀመሪያው ደረጃ ዋና ሥራ ነው። መሥሪያ ቤቱ ምን ለመሥራት ተቋቋመ? ምንስ ይደግፈዋል? ደጋፊ ሥራዎች በሁሉም ቦታ ይመሳሰላሉ፦ 01 አመራርና ዕቅድ፣ 02 የሰው ሀብት፣ 03 ፋይናንስ፣ 04 ግዢ፣ 05 ንብረት፣ 06 ሕግና ውል፣ 07 ሕዝብ ግንኙነት። እስከ 19 ያለውን ቁጥር ለወደፊት ክፍት ተዉት። ከ20 ጀምሮ ተቋሙ የቆመበት ሥራ ይምጣ። ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ምዝገባ፣ ትምህርትና ፈተና፣ ምርምር። ሆስፒታል ከሆነ የሕክምና አገልግሎት፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ።

ሁለተኛው ደረጃ ዝርዝር ተግባር ነው። 02 ሥር 01 ቅጥር፣ 02 ዕድገትና ዝውውር፣ 03 ፈቃድ፣ 04 ዲሲፕሊን፣ 05 ስንብትና ጡረታ ይሁን። ሦስተኛው ፋይሉ ራሱ ነው፣ ከነበጀት ዓመቱ። 02/01/2016/03 ቢባል፣ በ2016 በጀት ዓመት ከተከፈቱት የቅጥር ፋይሎች ሦስተኛው ነው። የነርሶች ቅጥር ሊሆን ይችላል። ነገ የሰው ሀብት ክፍል ስሙ ቢቀየር ቁጥሩ አይነካም።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። የላቦራቶሪ ክፍል ማቀዝቀዣ እንዲገዛለት ጠየቀ። ጥያቄው ደረሰ፣ ኃላፊው መሩት፣ ጨረታ ወጣ፣ ኮሚቴው ተሰበሰበ፣ አሸናፊ ተለየ፣ ውል ተፈረመ፣ ዕቃው በንብረት ገቢ ደረሰኙ በሞዴል 19 ገባ፣ በወጪ ደረሰኙ በሞዴል 22 ለላቦራቶሪ ወጣ፣ ክፍያ ተፈጸመ። ይህ ሁሉ ወረቀት የት ይግባ? ብዙ ቦታ አራት ክፍል አራት ፋይል ይከፍታል፣ ማንም ሙሉ ታሪኩን አይዝም። ኦዲተር ሲመጣ ሩጫ ይሆናል።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ከጥያቄው እስከ ርክክቡ ያለው አንድ ግዢ አንድ ፋይል ነው፣ ቤቱም 04 ነው። የሞዴል 19 እና 22 ጥራዝ ግን በተከታታይ ቁጥሩ ንብረት ክፍል ይቆያል፤ የክፍያ ሰነዱም በራሱ ቁጥር ፋይናንስ ይቆያል። እነዚያን ከጥራዛቸው ገንጥሎ ማውጣት ጥፋት ነው። በግዢው ፋይል ውስጥ «ሞዴል 19 ቁጥር ይህን፣ የክፍያ ሰነድ ቁጥር ያንን ይመልከቱ» የሚል አንድ ገጽ ይግባ። አንዲት ገጽ ናት፤ የኦዲት ሰሞን ሥራውን ግማሽ ታቀላለች።

ሠንጠረዡ ካለቀ በኋላ በሥራ ላይ ከማዋላችሁ በፊት ፈትኑት። ሃምሳ ደብዳቤ በዘፈቀደ አንሱ። ሁለት ሠራተኛ ሳይመካከሩ ኮድ ይስጧቸው። የተለያዩበትን ቁጠሩ። በአንድ ርዕስ ላይ ደጋግመው ከተለያዩ ጥፋቱ የርዕሱ ስም ነው። ቀይሩት።

«ልዩ ልዩ» የሚባለውን ፋይል በተመለከተ ብዙ ሰው ከእኔ ጋር አይስማማም። ጭራሽ አይኑር የሚሉ አሉ። እኔ ይኑር እላለሁ፣ ግን በዘበኛ። ከሌለ ሠራተኛው ቦታ ያጣለትን ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ይከተዋል፣ ያኔ ጨርሶ ጠፋ። ደንቡ ይህ ይሁን፦ በየወሩ መጨረሻ «ልዩ ልዩ» ይገለጣል። በአንድ ጉዳይ ላይ አምስት ወረቀት ከተገኘ የራሱ ፋይል ይከፈትለታል።

4. የስም አጻጻፍን በደንብ ወስኑ

የግል ማህደር በስም ፊደል ቅደም ተከተል የሚደረደርበት ቦታ ሁሉ አንድ ዓይነት ጣጣ አለ። ጋሼ ከታቦር ክፍለ ከተማ ለጡረታ ማስረጃ ይመጣሉ። ስማቸው ኃይሉ ነው። የመዝገብ ቤቱ ልጅ ሀ ሥር ይፈልጋል፣ የለም። ሐ ሥር ይፈልጋል፣ የለም። «ጋሼ፣ ነገ ቢመለሱ» ይላቸዋል። ፋይሉ ኀ ሥር ተኝቷል።

ደንቡ እንዲህ ይሁን። ለመደርደር ሲባል ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ፊደል ናቸው፣ ሁሉም ሀ ሥር ይግቡ። ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ። ሽፋኑ ላይ ግን ስሙ ሰውዬው በቅጥር ደብዳቤው ላይ እንደተጻፈ ይጻፍ፤ የሰው ስም ለማረም ሥልጣን የለንም። ገ/ሥላሴ፣ ወ/ሚካኤል የመሳሰለውም ይዘርዘር። በተለይ ተ/ ተንኮለኛ ናት። ተ/ማርያም ተክለ ማርያም ነው ወይስ ተስፋ ማርያም? ከባለቤቱ ተጠይቆ ይጻፍ። እስከ አያት ስም ድረስ ሳይሞላ ፋይል አይከፈት፤ አበበ ከበደማ ስንት አለ።

ሀዋሳ ላይ ሌላም አለ። የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው፣ የሚጻፈውም በላቲን ፊደል ነው። ስለዚህ የአንድ ሠራተኛ ስም በድሮ ደብዳቤ በግእዝ ፊደል፣ በአዲሱ በላቲን ይገኛል። ሁለቱም ሽፋኑ ላይ ይጻፉ። ሁለት ማህደር እንዳይከፈትለት ተጠንቀቁ። የከተማዋ ስም ራሱ «አዋሳ» ተብሎ በተጻፈባቸው ዓመታት የተሠራ መዝገብ ብዙ ነው። የስም ማውጫው ላይ «አዋሳ፦ ሀዋሳ የሚለውን ይመልከቱ» የሚል መስመር አይርሳ።

ከሺህ በላይ ሠራተኛ ካለ ግን የፊደል ቅደም ተከተሉን ተዉት። ማህደሩ በሠራተኛ መለያ ቁጥር ይደርደር፣ ስም በማውጫ ብቻ ይፈለግ። አዲስ ሰው ሲቀጠር መጨረሻ ላይ ይጨመራል፤ መደርደሪያ ሙሉ ፋይል መግፋት ይቀራል።

5. ቀንና በጀት ዓመት

«12/01/2016» የሚል ደብዳቤ እጃችሁ ገባ እንበል። በእኛ ከሆነ መስከረም 12 ቀን 2016 ነው። ከውጭ ድርጅት የመጣና በፈረንጆች ከሆነ ደግሞ ጥር 3 ቀን 2008 ነው። ልዩነቱ ወደ ስምንት ዓመት ይጠጋል። መዝገብ ላይ ስትጽፉ ወሩን በስሙ ጻፉ፣ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. የምትለዋን አትዝለሉ። የገቢ ቀን ሁልጊዜ በኢትዮጵያ ይሁን።

ፋይል የሚዘጋው በበጀት ዓመቱ ነው። የ2016 በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2015 ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ቀን 2016 ያልቃል። ስለዚህ ነሐሴ 2015 የተጻፈ ደብዳቤ 2016 ውስጥ ይገባል። አዲስ ሠራተኛ ሁሌ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፤ የመደርደሪያው ጎን ላይ በትልቁ ለጥፉለት።

6. ፋይል ሲከፈት

ሽፋኑ ላይ ኮድ፣ ርዕስ፣ የተከፈተበት ቀን፣ የክፍሉ የዛሬ ስም። ርዕሱ ለማያውቅ ሰው የሚገባ ይሁን። «የአቶ እንትና ጉዳይ» ርዕስ አይደለም።

ወረቀት ሲገባ ከላይ በቀኝ ጥግ በእርሳስ ተከታታይ ቁጥር ይጻፍበት። አሮጌው ከታች፣ አዲሱ ከላይ። ይህች ቁጥር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ከመሐል አንድ ገጽ የመዘዘ ሰው ወዲያው የሚታወቀው በእሷ ነው። የፋይሉ ውፍረት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ «ቅጽ 2» ይከፈት። አግራፍና ስፒል ይነቀሉ፤ ዝገው ወረቀቱን ይበሉታል።

7. በየቀኑ የሚገባና የሚወጣ

ደብዳቤ ሲደርስ በዚያው ቀን የገቢ ማህተም ይመታበት፣ ገቢ መዝገብ ላይ ይስፈር፣ የምደባ ኮዱ እዚያው ይሰጠው። ኮዱን ከምሪት በኋላ እሰጣለሁ ያለ ሠራተኛ ደብዳቤውን ዳግመኛ ላያየው ይችላል። ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ይከርማል።

ፋይል ሲወጣ ቦታው ባዶ አይቅር። የመውጫ ካርድ ይግባ፦ ማን ወሰደ፣ መቼ፣ መቼ ይመለሳል። ካርዱ ከሽፋኑ ወጣ ብሎ የሚታይ ደማቅ ቀለም ይሁን። ምክትል ኃላፊውም ይፈርማሉ። እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

አሁን ደግሞ ቴሌግራም አለ። ጥብቅ ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ይመጣል፣ ኃላፊው «እሺ፣ ይፈጸም» ብለው ይመልሳሉ፣ ሥራው ይሠራል፣ መዝገብ ቤት የሚያውቀው ነገር የለም። ከዓመት በኋላ ስልኩ ተቀየረ፣ ትእዛዙም አብሮ ሄደ። በስልክ የመጣ የሥራ ትእዛዝ በማግሥቱ ታትሞ ገቢ ይሁን። ለዚህ የኃላፊው ፊርማ ያለበት የውስጥ ማስታወሻ ያስፈልጋል፣ አለዚያ የሚሰማችሁ የለም።

ፋይል ቶሎ መገኘቱ የሚጠቅመው ለባለጉዳይ ብቻ አይደለም። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት መረጃ ለጠየቀ ሰው የመንግሥት አካል መልስ መስጠት ያለበት በ30 ቀን ውስጥ ነው። ፋይሉ የት እንዳለ ለማይታወቅበት ቢሮ 30 ቀን እንደ ነገ ነው።

8. ኮምፒውተሩ

ያልተደራጀ ክምር ስካን ማድረግ ያልተደራጀ ኮምፒውተር ይሰጣል። መጀመሪያ ከላይ ያለው ይለቅ። ከዚያ የወረቀቱ ኮድ ያው የኮምፒውተሩ ፎልደር ስም ይሁን፤ ሁለት ዓይነት ምደባ አትፍጠሩ። የፋይል ስም ዓመትን ያስቀድም፦ 2016-01-12 ካላችሁ ራሱ በቅደም ተከተል ይሰለፋል።

አሮጌ የአማርኛ ጽሑፎችን ሳይመሽ አድኑ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያውቁት የፊደላት ኮድ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ብዙ ዓመት መሥሪያ ቤቶች በቪዥዋል ግእዝና በመሰል ፎንቶች ጽፈዋል። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈቱ የማይነበብ የምልክት ጥርቅም ይሆናሉ። ፎንቱ ያለበት አንድ አሮጌ ማሽን እስካለ ድረስ ከፍታችሁ በፒዲኤፍ አስቀምጧቸው። ያ ማሽን ለጨረታ እንዳይወጣ ለንብረት ክፍል ንገሩ። ቅጂውም በሁለት ቦታ ይሁን፣ አንዱ ከሕንፃው ውጭ።

9. ማቆየትና ማስወገድ

ለእያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተግባር ስንት ዓመት በእጅ፣ ስንት ዓመት በመጋዘን፣ ከዚያስ ወዴት የሚለው በአንድ ሠንጠረዥ ይጻፍ። ዓመቱን መዝገብ ቤት ብቻውን አይወስን። ሕግ ክፍል፣ ፋይናንስና ኦዲት ይፈርሙበት። የሠራተኛ ማህደር ሰውየው ስለለቀቀ አይጣልም፤ የጡረታ ጥያቄ ከብዙ ዓመት በኋላ ይመጣል። የተቋሙ መመሥረቻ፣ ዋና ውሎች፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ፣ የመሬትና የሕንፃ ሰነድ ለዘለቄታው ይቀመጣሉ።

ማስወገድ ያለ ኮሚቴ፣ ያለ ዝርዝርና ያለ ፈቃድ አይሆንም። ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 179/1991 ነው፤ ክልሉ ያወጣው ሕግ ካለም አብሮ ይታይ፣ ሕግ ክፍላችሁ ያንብበው። ፍርድ ቤት ወይም ኦዲት ላይ ያለ ጉዳይ ፋይል ዓመቱ ቢያልፍም አይነካም።

መጋዘኑ ሐይቅ ዳር አካባቢ ከሆነ እርጥበት አለ። የታችኛው መደርደሪያ ከወለል ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ ከግድግዳም ራቅ ይበል። ምስጥ መጀመሪያ የሚገባው ወለል ላይ ከተቀመጠ ካርቶን ነው። ክረምት ሳይገባ ጣሪያውን ተመልከቱ።

10. መሥሪያ ቤቱ ሲከፈል

በየሥራው የተመደበ መዝገብ ያለው ቢሮ ርክክቡ በጥቂት ቀን ያልቃል። በክፍል ስም የመደበው ግን ወረቀት በወረቀት ይለያል። ሠራተኛው ወደ ቦንጋ፣ ወደ ወላይታ ሶዶ ወይም ወደ ሆሳዕና ከተመደበ በኋላ ማን ይለየዋል?

የፈረሰው መሥሪያ ቤት የተዘጉ ፋይሎች ሳይበተኑ በነበሩበት ቅደም ተከተል አንድ ላይ ይቆዩ። ከተተኪው ቢሮ ፋይል ጋር አይደባለቁ፤ የማን ውሳኔ እንደነበረ የሚታወቀው አብረው ሲቆዩ ነው። ክፍት የሆነው ጉዳይ ሥራውን ለሚቀጥለው ይሂድ። የሠራተኛ ማህደር ሠራተኛውን ይከተል፣ በታሸገ ፖስታ፣ የገጽ ብዛቱ በመሸኛው ተጠቅሶ። ለሁለት ክልል የሚያገለግል ፋይል ካለ፣ ለምሳሌ የጋራ ፕሮጀክት ውል፣ ዋናው በስምምነት አንዱ ጋ ይቆይ፣ ለሌላው የተረጋገጠ ኮፒ ይሰጠው፤ ዋናው የት እንዳለ ኮፒው ላይ ይጻፍ።

የርክክብ ዝርዝሩ በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ። አስረካቢና ተረካቢ በእያንዳንዱ ገጽ ይፈርሙ። ኮድ፣ ርዕስ፣ የቅጽ ብዛት፣ የገጽ ብዛት ይኑረው። «አንድ ጆንያ ልዩ ልዩ ሰነድ» የሚል መስመር ካለ አትፈርሙ። ጆንያው ይፈታና ይቆጠር።